የጓሮ ኮረብታ

ጎረቤቴ ሮስቪታ ሐምሌ በመጣ ቁጥር
ሻንጣዋን ትጎትታለች፣ አልፕስን ልታይ በአየር።
ጫፉ በረዶ የለበሰ፣ ሐይቁ የጠራ መስተዋት፣
ፎቶ ትልክልኛለች፣ «ምን አለ ብትመጪ?» በማለት።

እኔ የጌልዘንኪርሽን ትራም ነጂ ነኝ። ከሌሊት ተራ ስመለስ፣
ዐይኔ በመብራት ተልጦ፣ ሳላወልቅ የደንብ ልብስ፣
በቆሻሻ በርሜሎቹ ጎን፣ በብስክሌቶቹ መሃል
እግሬ ራሱ ይታጠፋል።
ቀጭን ናት መንገዲቱ፤ ቀስት የላት፣ ሰሌዳ የላት፤
ከበሬ እስከ ጫፉ ድረስ ሃያ ደቂቃ ናት።

ኮረብታውን እግዜር አልሠራውም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤
ከሰሉ ተለቅሞ ሲሄድ ድንጋዩ እዚህ ተጥሏል።
የዘጠኝ መቶ ሜትር ጥልቀት፣ ተገልብጦ የቆመ፣
ጉድጓድ ነው ሽቅብ የበቀለ፣ ጨለማ ነው ፀሐይ የሳመ።
ድሮ ይጨስ ነበር ሌት ተቀን። እናቴ ነጭ አንሶላዋን
ጠቁሮ ከገመድ ስታወርድ ትረግም ነበር ክምሩን፣
ድንጋዩን ያወጣውን ሰው፣ ያገባችውን ያንን።

አሁን በርች በቅሎበታል፤ ግንዱ ኖራ የተቀባ።
ጥንቸል አለ፣ ቀጋ አለ፣ ስሙን የማላውቀው ቢጫ አበባ።
ፌንጣም አለች አንዲት ዓይነት፣ የጥቁሩ ጠጠር መሳይ፤
ስትቀመጥ ድንጋይ፣
ስትነሣ ክንፏ ሰማይ።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ኑርተን ፔርሙሷን ታቅፋ
ትጠብቀኛለች፣ ጉልበቷ አብጦ፣ ጫማዋን አውልቃ አራግፋ።
ስለ ቲማቲም ዋጋ ታወራለች፣ ስለ ምራቷ ኩርፊያ፤
አቀበቱ ትንፋሽ ሲነሳት ነው ለወሬዋ ማረፊያ።
የእሷ አባት ከዞንጉልዳክ የመጣ፣ የኔው እዚሁ ያረጀ፣
አንድ ሊፍት ነበር ጎህ ሳይቀድ ቁልቁል የሚያወርዳቸው፤
አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅ። ሳል ነበር የሚያግባባቸው።

ጫፉ ላይ ነፋስ አለ። ከታች አውራ ጎዳናው ያጓራል፤
ጭስ የሌለው ጭስ ማውጫ እንደ ጡረተኛ ቆሟል።
የኩሽናዬን መስኮት ፈልጌ ፈልጌ አገኘዋለሁ፤
መብራቱን ሳላጠፋ ወጥቻለሁ።
ከዚህ ሲያዩት ግን ቤቴ
ደስ ያለው ሰው የሚኖርበት ይመስላል።
ትንሽ እቀናበታለሁ።

ባለፈው ጥር በረዶ ወርዶ፣ አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ፣
ምንጣፍ የምታህል ቦታ ብቻ ጥቁር ሆና ቀረች፣
ጤዛ እንኳ አልያዘች።
ኑርተን ጓንቷን አወለቀች። እኔም አወለቅሁ።
መሬቱ ይሞቃል።
ከሆዱ ውስጥ ገና ፍም አለ፣
ማንም ሳይቆሰቁሰው፣ ስንት ዓመት ሙሉ የዋለ።
መዳፌን አሳረፍኩበት።
ዕድሜውን ሙሉ ቁልቁል የወጣ ሰው፣
አባቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ከዚህ ሆኖ ሰፈሩን ያላየው።
ኑርተን ለአንዴ ዝም አለች።
ሻዩ በረደ።

ትናንት ለሮስቪታ እኔም በተራዬ ፎቶ ላክሁ፤
ፌንጣዪቱን፣ በሆዴ ተኝቼ፣ ትንፋሼን ውጬ ያነሳኋትን።
«ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየኝ» ብላ መለሰች።
«አዎ» አልኳት፣
«እስክትነሣ ነው።»