ቁጥር ሃያ፣ ቁጥር አርባ

ጦይባ፣
ስምሽን በቀይ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤
ማንም አላዘዘኝ።
«ማሽን ዘጠኝ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ቆመ፤
ሠራተኛዋ ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ ክሩ ተበጥሶ ከረመ።»
የኮምቦልቻ ሌሊት ነበር፤ የጥጡ ብናኝ
እንደ ሐረጎ ጉም አዳራሹን ሞልቶ፣
የአምፖሉ ዐይን ፈዞ፣ የሰው ድምፅ በሞተር ጩኸት ተበልቶ፣

«ደህና ነሽ ወይ?» አልሁሽ፤ የጠየቅሁ መስሎኝ።
«አልሐምዱሊላህ» አልሽኝ፤ መልስ የሰጠሽኝ መሰለኝ።
«አብሽሪ» ብዬ አለፍሁ።
ደብተሬን ከፈትሁ። ጻፍሁ።

የኛ አገር ሰላምታ ለታመመ ሰው በር የለውም፤
«ደህና ነህ?» ለሚል ሰው «አይደለሁም» ማለት አልተማርንም።

የወገብ ሕመም ደግሞ ምስክር የለው፣
እንደ ይመር ጣት ማሽን አልቆረጠው፤
በጀሶ አይታሰር፣ በፋሻ አይጠቀለል፤
ጠዋት አብሮሽ ፈርሞ ገብቶ፣ ማታ አብሮሽ ፈርሞ ይወጣል።
ስምንት ዓመት።
ደመወዝ የማይከፈለው፣ ፈቃድ የማይወጣ፣
አንድ ቀን ቀርቶ የማያውቅ ባልደረባ።

የደሴው ሐኪም «ቀላል ሥራ ይሰጣት» ብሎ ጽፎልሽ ነበር፤
አነበብሁት፤ አጥፌ መሳቢያዬ ከተትሁት፣ እንዲያድር።
እዚህ ቤት ቀላል ሥራ የኔ ብቻ ነው፤
ከዚያ ጫፍ እዚህ ጫፍ፣ ያለው ወንበር አንድ ነው፤
እሱም የኔ ነው።

አንድ ንጋት ሞተር ሳይክሌ እምቢ አለኝና ሰርቪስ ተሳፈርሁ።
ሐረጎን ጥምዝ በጥምዝ ወጥተን ቧንቧ ውሃ ስንደርስ፣
ሰው ሁሉ ተጋፍቶ ወረደ፤ አንቺ ቀረሽ።
ሾፌሩ አበጋዝ ሞተሩን አጠፋ።
ወደ መስታወቱ እንኳ አላየ፤
የሱፍ ፍሬውን እየፈለቀቀ ቆየ።
አንድ እጅሽ ብረቱን፣ አንድ እጅሽ ጉልበትሽን ይዞ፣
ከሩኩዕ እንደሚነሣ ሰው
ቀስ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ…
«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አልሁት።
«ሦስት ዓመቷ» አለኝ። «ሁለት ደቂቃ ናት የምትፈጀው፤ ምን አለበት።»

ሁለት ደቂቃ።
ደብተሬ ላይ ለሷ የሚሆን መስመር አልነበረበት።

በማግሥቱ በርጩማ አሠራሁ፣ በራሴ ግምት።
አመሰገንሽኝና ቆመሽ ዋልሽ።
ሁለተኛውን አንቺ ለካሽ፤ አናጢው ሁለት ጣት ጨመረ።
«አትዘንልኝ» አልሽ ያን ቀን፤ «ሥራ ስጠኝ።
ሐዘን ቤቴ መች ቸገረ?»

አቶ ሞላልኝ መጣ፤ «ለሁሉም ወንበር ልታድል ነው?»
«ለጠየቀኝ።»
«ኪሎውስ?»
«ኪሎው ያው ነው።»
እውነትም ያው ነበር፤ አልጨመረም፣ አልጎደለ።
ተአምር ለጠበቀ ተአምር የለም፤ በርጩማ ነው ያለ።

አሁን «ደህና ነሽ?» አልልሽም።
«ዛሬ ስንት ቁጥር ነው?» እላለሁ፣ ፈታይ ለፈታይ በሚገባው።
ሃያ ካልሽ ወፍራም ክር ነው፤ ወፍራም ቀን፤
ቦቢን መቁጠሪያው ጋ ትቀመጫለሽ፣
ማንም ለምን አይልሽ።
አርባ ካልሽ ቀጥኗል፤
ማሽን ዘጠኝ ያንቺ ነው፣ ለብቻሽ ትነጂዋለሽ።
ስልሳ ብለሽ አታውቂም።
እኔም አልጠይቅም።

ትናንት «ሠላሳ» አልሽ፤ ከዚያ ዞር ብለሽ
«ያንተስ?» አልሽኝ።
ደህና ነኝ ልል አፌን ስከፍት
ግራ ጆሮዬ፣ ማሽኑ ጠፍቶም የማያርፈው፣
ለሚስቴ እንኳ ያልነገርሁት፣
ቀድሞኝ ጮኸ።
«ሃያ» አልሁሽ።
ሞተሩ ድምፄን ይብላው አይብላው እንጃ፤
በርጩማውን በእግርሽ ገፋ አርገሽልኝ
የተበጠሰ ክር ልትቀጥዪ ሄድሽ።