ከቋት ወደ ቋት

ክላይፔዳ ወደብ፣ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት፤
ባልቲክ ላይ ጉሙ ተኝቶበት
ክሬኖቹ አንገት ደፍተው ቆመዋል፣
የሚያነሡትን እንደረሱ።

ዳንጉዎሌ ብቻዋን ናት፣
ሻይዋ ቀዝቅዞ፣ ሹራቧን ደርባ።
ከስምንት እስከ ዐሥር ነው የተፈቀደላት፣
የንጋቱ መርከብ ሳይገባ።

አሮጌው ዲስክ ጠግቧል፤ ከመቶ ዘጠና ሰባት።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የገባ የወጣውን
በቃኝ ሳይል ሲውጥ የኖረ ቋት
ዛሬ አንዲት ረድፍ ቢጨምሩበት
ትንፋሽ ያጥረዋል፤
አጠገቡ ያደረ ሰው ያውቀዋል።

አዲሱ ባዶ ነው፤ ድምፅ የለው፣ ፈጣን፣
ስሙን እንኳ ገና ያልለመደ።
ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤
አያጣፍጥም፣ እውነት ነው።
ያፈጥናል እንጂ።

ትእዛዟ አንድ መስመር ናት፣ አጭር፦
ይህ ሠንጠረዥ ከዚህ ይነሣ፣ እዚያ ይሥፈር።
ጣቷን ከቁልፉ በላይ ጥቂት አቆየች፤
ማንም ያቆያል፣ ስንቴም ቢሠራት።

በመጀመሪያ ትንንሾቹ ሄዱ፦
የባንዲራዎች ዝርዝር፣ የገመድ ዓይነት፣
የመርከበኞች የጫማ ቁጥር
(ማን እንደመዘገበው እግዜር ይወቀው)።
ዐይን ሳይጨፈን ደረሱ።
ከዚያ ትልቁ፣ የኮንቴይነሮች ሠንጠረዥ፣
አርባ ሚሊዮን ረድፍ፤
ሙዝ፣ ሳንቃ፣ ማዳበሪያ፣
ባለቤቱ ያልመጣ አንድ ፒያኖ፣
ተጭኖ፣ ታሽጎ፣ ተረስቶ።

በጉዞ ላይ ያለ ሠንጠረዥ ይቆለፋል፤
አይጻፍበትም፣ አይሰረዝበትም።
ከበሩ ሪምቪዳስ ደወለ፦
«ከባድ መኪና መጥቶብኛል፣
ላስገባው ብል እምቢ አለኝ ማሽኑ።»
«ይታገሥ፤ ዕቃው መንገድ ላይ ነው።»
«ዕቃውማ ይኸው! ዝናብ እየመታው!»
ሳቀች።
«የአንተው ቆሟል። የእኔው ነው መንገድ ላይ ያለው።»

ለዐሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቆጠረች።
እዚያ የነበረው፣ እዚህ የመጣው፣ እኩል።
አንድም ረድፍ አልጎደለ፤
ፒያኖውም አለ።

አንዱን ኮንቴይነር በቁጥሩ ጠራችው፤
አልመጣም።
ማውጫዎቹ ሁሉ ወድቀዋል፤
እንደተዘረጋ የቀረ ጣታቸው
የድሮውን አድራሻ ያሳያል፦
ሦስተኛው ፋይል፣ ሰባተኛው ክፍል፣ ከዳር ሁለተኛው።
እዚያ ማን አለ?
የተጠረገ ወለል።

ታውቀዋለች ይህን፤ አዲስ አይደለም፤
ማውጫ ከዕቃው ጋር አይጓዝም፣
በደረሱበት እንደገና ይሠራል።
ዛሬ ግን እጇ አልታዘዛት አለ።

ባለፈው መስከረም አባቷን፣ ዜኖናስን፣
ከዩዎድክራንቴ የእንጨት ቤቱ አንሥታ
አራተኛ ፎቅ አመጣችው፣ ከእሷ ዘንድ።
ወንበሩ መጣ፣ የመረብ መጠገኛው መርፌ፣
ዝናብን ሁልጊዜ የሚዘገየው ባሮሜትር፣
የእናቷ ፎቶ፤ በዝርዝር፣ በፊርማ።
ሌሊት ይነሣል ሽማግሌው፤
ሦስት እርምጃ፣ ወደ ግራ፣
መብራቱን ሊያበራ እጁን ይዘረጋል፤
ግድግዳ።
«ሁሉም እዚህ አለ፣ አባባ፤ ቁጠረው» አለችው አንዴ።
ቆጠረው።
«አለ» አላት። «አንድ አልጎደለም።
የት እንዳለ የሚያውቀው እጄ ነው
እዚያ የቀረው።»

ማውጫ የሚሠራው እንዲህ ነው፤
አቋራጭ የለውም፤
ከፊተኛው ረድፍ እስከ ኋለኛው
እያንዳንዱን ማንበብ፣
አንተ ማነህ፣ አሁን የት ነህ ማለት፣
መጻፍ፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ።
ጀመረችው።
ዐሥር አለፈ። ዐሥር ተኩል።
ማለዳ ይገሥጿታል፤ ይገሥጿት።

ሪምቪዳስ መልሶ ደወለ፦ «ገባልኝ!»
አሮጌውን ቋት አልደመሰሰችውም፤
ሳምንት ይቆይ አለች፣ ባዶውን፣
ከደንቡ ውጪ፣ ምክንያት ሳትጽፍ።

ቤቷ ስትደርስ ገና ጨለማ ነው።
ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣ በካልሲው፣
መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ።
ጫማዋን አወለቀች።
መብራቱን ልታበራለት ትችል ነበር።
እጁን ያዘችና ወደ ኋላ መለሰችው፣
እስከ አልጋው ጫፍ ድረስ።
«ከዚህ እንጀምር» አለችው።
«አንድ።»