የሦስት ሰዓት ደሴት

ቅዳሜ ነው፤ ቀትር። ባጃጆች በሙሉ
ከዚራ ዛፍ ጥላ ሰብሰብ ብለው ይውላሉ።
ሰው ሁሉ መርቅኖ ዝም ባለበት ሰዓት፣
እኔ ጫማ አጠልቃለሁ፤ የቅዳሜ አመል አለብኝ፣ የሁለት ዓመት።

ሒሳብ ነበር ሥራዬ፣ ዛንዚባር፣ በኮንትራት፤
ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠመኔው በላብ እየራሰ፣
የአርባ ሦስት ልጆች ደብተር ማረም፣ ማየት።
ዓርብ ማታ ግን፣ ቅርንፉድ ከሚሰጣበት ጓሮ በስተጀርባ፣
መባሩክ ይመጣል፤ ወገቡ ላይ ሽርጥ፣ ትከሻው ላይ የጀልባ
ገመድ፤ «ነገስ መምህሩ፣ ትሄዳለህ ወይ?» ይላል።
መዋኘት አልችልም።
የድሬ ልጅ ውሃን ከጀሪካን ውጭ መች ያውቃል?
ግን እሄዳለሁ።

አንዴ ግዙፍ ኤሊዎች ወዳሉበት፣
የእያንዳንዱ ዕድሜ በጀርባው ላይ በቀለም ወደተጻፈበት፤
(አንዱ ከቅድመ አያቴ ይበልጣል፤ «እንደምን ዋሉ» ብዬ ተነሳሁለት።)
አንዴ ጠባቂው ሰባት ድመት ወደሚያሳድግበት የመብራት ማማ፤
አንዴ ደግሞ ወደ የትም፤ ሞተሩ ጠፍቶብን ስንቀዝፍ እስኪመሽ፣ እስኪጨልም፣
ጀርባዬን ጨው ልሶት ሳምንቱን ሙሉ ሳክ፣ ማንም አላዘነልኝ፣ ማንም።

የማልረሳው ግን ስም የለው፣ ካርታም አያውቀው፤
ባህሩ ሲሸሽ ብቅ የሚል፣ ባህሩ ሲመለስ የሚውጠው
ነጭ የአሸዋ ምላስ ነው።
«ሦስት ሰዓት አለን» ይል ነበር መባሩክ፣ መልህቁን እየጣለ፤
«ሦስት ሰዓት። ከዚያ ወዲያ ደሴትም የለ፣ መምህርም የለ።»

አንድ ቅዳሜ እዚያው እንቅልፍ ጣለኝ።
ስነቃ ጫማዬ እየዋኘ ይሄዳል፤ ውሃው ጉልበቴን ይዞ «ና» ይለኛል፣ «ና» አለኝ።
መባሩክ በሳቅ ፍርስ አለ፤ እጁን ከጀልባው ዘረጋ፦
«ሰዓታችን እንኳ አንድ ነው! እናንተም፣ እኛም
መቁጠር የምንጀምረው ሲነጋ፤
ታዲያ አንተን ምን ነካህ?»

ኮንትራቱ አለቀ። አሁን ሳቢያን ነው የማስተምረው።
ባለፈው ሰሞን ሂባቅ እጇን አወጣች፦
«ቲቸር፣ ባህር ይሄዳል ያልከው ወዴት ነው? እንዴትስ ነው የሚመለሰው?»
ሰሌዳውን ሞላሁት። ጠመኔው አልበቃኝም።

ይኸው ዛሬ ደቻቱ ወርደናል፣ ከሂባቅ፣ ከሚፍታህ ጋር፣ አስራ አንድ ሆነን፤
ባዶ ወንዝ፣ የሚፋጅ አሸዋ፣ ግመሎች በመሃል እየተሻገሩን።
በዱላ መስመር አሰመርኩ፦ «ይሄ ዳርቻ፤ ይሄ ማዕበል፤ ያ ጥልቁ፤»
ልጆቹ በደረቅ መሬት እየቀዘፉ በሳቅ ሊያልቁ።
ሬድዋን «ሰጠምኩ!» ብሎ ጮኸ፤
በጫማ ካርቶን ጀልባ ደርሰን አወጣነው።

አያ ሙሜ ግን አልሳቀም። ከዚሁ ወንዝ አሸዋ ጭኖ የሚሸጥ ሰው ነው።
አህዮቹን ወደ ዳር እየነዳ፣ በአገጩ ተራራውን አሳየኝ፦
«ደንገጎ ጠቁሯል። ልጆቹን ይዘህ ውጣ» አለኝ።
ከላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የደመና ዘር የለበትም።
ግን ይህ ወንዝ ስለወሰዳቸው ሰዎች
አያ ሙሜ ብዙ ያውቃል፤ አይናገርም።
ወጣን።

ሩብ ሰዓት። መጀመሪያ ድምፁ፣ የከባድ መኪና የሚመስል፤
ከዚያ ቡናማ ውሃ፤ ቁልቋል፣ ነጠላ ጫማ፣ ቀዳዳ በርሜል
እያንከባለለ። ጨዋ ጎርፍ ነበር የዛሬው፤ ሰው አልነካ፤
ለሁለት ተከፍሎ ሲያልፍ፣ መሃሉ ላይ
እንጀራ የምታህል አሸዋ ትቶልን ኖሯል ለካ፤
እዚያ ላይ አንዲት ፍየል። ብቻዋን።
ረስተነው የወጣነውን ካርቶን፣ ጀልባችንን፣ እያኘከች።

«ደሴት!» አሉ ልጆቹ። ሂባቅ ክንዴን ያዘች፤
ዓይኗን ከፍየሏ ሳትነቅል፣ ቀስ ብላ ጠየቀች፦
«ቲቸር፣ ስንት ሰዓት አላት?»

አፌ ላይ «ሦስት» መጣ፤ መልሼ ዋጥኩት።
አያ ሙሜ አልቆጠረም፤
ገመድ ሊያመጣ ሲሮጥ አየሁት።