አርባ አምስትና ሠላሳ ሦስት

አባቴ ቀን ቀን ቁልፍ ይሠራል፣
ዎልቨርሃምፕተን፣ ከጭስ ማውጫው ሥር፤
የወንድሜ ጓደኛ ሮድኒ ግን
ከጆሮው ላይ ነው ቁልፍ የሚያስር፣
መርፌ ቁልፍ፣ ያውም የዛገ።
አባቴ አይቶት ሳቀ፦ «ይኼ ልጅ
ምኑን ሊቆልፍ ፈለገ?»

ጋራዡ ጠባብ ነው። ሮድኒ ሲጀምር
ቶሎ! ቶሎ! ቶሎ!
ጊታር አይደለም የሚመታው፣
በር ነው፣ የተዘጋበት በር፤
ሦስት ኮርድ፣ ሁለት ደቂቃ፣
ጩኸት፣ ምራቅ፣ ላብ፣ በቃ!
ሌላ!

ወንድሜ ዳልተን ግን ቤዙን
እንደ ጠገበ ሰው ነው የሚነካው፤
አንዴ።
    ዝም።
አንዴ ደግሞ።
    ዝም።
ከተመታው ይልቅ ያልተመታው
ነበር ደረቴን የሚያንኳኳው።

«አንተ ትሮጣለህ!» «አንተ ትተኛለህ!»
ሱክዴቭ ከበሮው ላይ፣ ሁለት በትር ይዞ፣
የአጎቶቹን የፑንጃብ ሠርግ በክንዱ አርግዞ፣
እንደ ሽማግሌ መሐል ተቀምጦ
ማንንም ሳያስታርቅ ያመሻል፣ በላቡ ቀልጦ።

ቅዳሜ ማታ ምድር ቤታችን ይሞላል።
አባቴ ከአሮጌ ቁም ሣጥን የሠራቸው ድምፅ ማጉያዎች፣
ቁመታቸው ከእኔ የሚበልጥ፣
ሲያጓሩ የመስኮቱ መስታወት ይላላል።
ያን ለት ዳልተን የሙከራዋን ሸክላ አመጣ፤
አንዲት ናት፣ ለእሷም ደሞዙ ሁሉ ወጣ።
አባቴ መርፌውን አሳረፈ።
ጭፈራው ባለበት ቀረ።
ሚስ ኢዳሊን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብድግ አለች፤
«የማን ቤት ነው የሚቃጠለው?» ብላ ጠየቀች።

አባቴ ልጁን ማሳፈር አልፈለገም፤
ሸክላዋን አላነሣም፣ ዘፈን አልቀየረም፤
አንዲት ትንሽ ማንሻ፣ በአውራ ጣት፣
ከአርባ አምስት ወደ ሠላሳ ሦስት።

ሩጫው ርምጃ ሆነ፣ ርምጃውም ወገብ አገኘ።
የሮድኒ ጩኸት ወደ ታች ወረደ፣ ወፈረ፣
ጉሮሮው አቧራ እንደ ዋጠ ጎልማሳ ተናገረ።
እግሮች አንድ በአንድ ከወለሉ ጋር ታረቁ።
ሮድኒ ደረጃው ላይ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ድንች ጥብስ ይዞ
ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም።
ኋላ፣ ውጭ፣ ለዳልተን ብቻ፦
«የአባቴ ድምፅ ነው።
ከብረት ፋብሪካው ተሰናብቶ የመጣ ለት
እንዲህ ነው የተናገረው።»

የታተመው ሸክላ ከዚያ ወዲያ ነው፦
«ያልቆመው አውቶቡስ»።
ላዩ ይሮጣል፣ ሥሩ ይራመዳል፤
ሱክዴቭም በመጨረሻ የሚመታበት ቦታ አገኘ፣
ሁለቱም ያልጠበቁት።
አምስት መቶ ቅጂ፤ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ
ኩሽና ጠረጴዛ ላይ በዱቄት ሙጫ ስም ስለጥፍ
አርባ አንዱን ገልብጬ፣ የፊቱን ለኋላ ለጠፍኩ።
እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ስድሳ ሰባት ተሸጠ።

አንዷ ከእኔ ጋር አለች።
ሸክላ ይሏታል እንጂ እንደ ገንቦ አትሰበርም፤
ማሞቂያው አጠገብ ረስቻት ጎበጠች።
መርፌው ጉብታዋን ሲወጣ ዘፈኑ ይዘገያል፣
ቁልቁለቱን ሲይዝ ይፈጥናል፤
ልጆቹ ዛሬም አልተስማሙም።
«እማ፣ ይኼ ነገር ተበላሽቷል» ትላለች ልጄ።
መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት
    ዝም።
ከዚያ ቤዙ።