ራስጌ የሌለው ቁራሽ

ቱሉ ዲምቱ። አራተኛ ፎቅ። ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።
መብራቱ ከሄደ ቆየ፤ ያለችኝ የኮምፒውተሬ ባትሪ ናት፤
አርባ በመቶ።
ለነገ ጠዋት የሚጠበቀው ሰነድ ገና አልተነካም ከቶ፦
የመረጃ ቋታችን ማህደረ ትውስታ እንዴት እንደሚደለደል፣
ማን ቆርሶ እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚሰበስብ፣ የቱ መቼ እንደሚነቀል።

ኮዱን የጻፈው ቶሎሳ ነው። ሥራ የለቀቀ ዕለት
ጠረጴዛውን ወልውሎ፣ ኩባያውን አጥቦ፣ ሄደ በሰላም፤
ሦስት ደልዳዮች ተወልን፤ ማብራሪያ አንዳቸውም የላቸውም።
አንዲት መስመር ብቻ፣ ከሦስተኛው አናት፦ «እዚህ አትንካ።»
ዛሬ ደውዬ ለምን አልኩት።
«እኔም ረስቼዋለሁ ለካ!»

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ጻፍኩ፦
«ይህኛው የሚያድለው በአንድ ልክ፣ በአንድ ስፋት ብቻ ነው።
ከልኩ የወጣ ጠያቂ ባዶ እጁን ይመለሳል፤
አንዱ የለቀቀው ክፍት ቦታ ለተረኛው ይሰጣል።»
በመስኮት አሻግሬ አየሁ። ባለ አንድ መኝታ በባለ አንድ መኝታ ተደርቦ፣
ወጥ ቤት ከወጥ ቤት ሥር።
ምሳሌ ሊሆነኝ ነበር። ተውኩት፤ ሰነድ ነው፣ ቅኔ አይደለም።

ሁለተኛው፦ «አብረው የገቡ አብረው ይወጣሉ ብሎ የሚያምን ነው።
በአንድ ብሎክ ካደሩት አንዱ እንኳ ካልወጣ ብሎኩ አይፈርስም፤
የመጨረሻው በሩን ዘግቶ እስኪሄድ።»
«በሩን ዘግቶ» የሚለውን ሰረዝኩ።

ሦስተኛው ላይ እጄ ዘገየ።
«ከፊቱ ካለው ቦታ ቆርሶ ይሰጣል፤ ወደ ኋላ አይመለስም።
ለቁራሹ ራስጌ አያበጅም፤
ስንት ነህ፣ የማን ነህ ቢሉት አያውቅም።
አንዱን ነጥሎ ማስለቀቅ አይቻልም፤
የሚለቀቀው ሁሉም፣ ባንድ ጊዜ።»
ፈጣን ነው፣ ቦታም ይቆጥባል፤ ይህንንም ጨመርኩ፤ እውነት ነውና።

ከታች «ውሃ መጣ!» ተባለ። ሁለት ጀሪካን ይዤ ወረድኩ።
ጥበቃው፣ አባባ ጉተማ፣ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራና
«በዚህ ጨለማ ምን ትጭራለህ?» አለኝ።
«ቦታ ስለሚያድል ነገር።»
«ቀበሌ ነው?»
ተሳሳቅን።
ወረፋው ረጅም፤ ቧንቧው ያላዝናል።
ባትሪውን ወደ መሬት ዘቀዘቀ፤ በብርሃኑ አስፋልቱን ያርስ ጀመር፦
«ከቆሻሻ ገንዳው እስከዚያ ትራንስፎርመር፣ ምስር።
መኪና ማቆሚያው ገብስ፣ የወንድሜ።
ያንተ ብሎክ ያለበት ሽምብራ፤ ሁለት ጥማድ፤ የኔ።»
ድንበሩስ? «ኮሽም ነበር።»
ወረቀቱስ?
«ኮሽሙ።»
«ሲነሳ ባንድ ቀን ተነሳ» ብሎ አጠፋው፣
ለባትሪ ድንጋዩ ሳስቶ።

ሽቅብ አራት ፎቅ፣ ሃያ ሃያ ሊትር በየእጄ።
አሥራ አንድ በመቶ ቀርቷል።
ምሳሌው ላይ ሦስት ቁራሾች ነበሩ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ።
አጠፋኋቸው፤ ምስር፣ ገብስ፣ ሽምብራ አልኩ፤
ከሥር፦ «ራስጌ የላቸውም። ሲሰፈሩ ያየ ሰው ካለ ይጠየቅ።»
ነገ ገምጋሚዋ ሐመልማል መነጽሯን ገፋ አድርጋ
«ለምን ሽምብራ?» ትለኛለች።
ስም ነው፣ እላታለሁ።
ስም ብቻ።