አሥራ አንድ ቀን

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሜትር የያዘ ሰው
ከደጎል አደባባይ መጥቶ ግድግዳችንን ዳሰሰው፤
ለካ፣ ጻፈ፣ ሳል ሳል አለና ወጣ፤
ማን እንደላከው ሳይነግረን፣ ለምን እንደመጣ።

በአራት ሰዓት፣ ሻይ ላይ፣ «ሊፈርስ ነው» ተባለ፤
በስድስት፣ ሽሮ ላይ፣ «ተሽጧል» ያለም አለ፤
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከወረቀት መቁረጫው ጀርባ
«ማናጀሩ ድርሻውን በላ» አሉ፣ «ሰሚት ባለ ፎቅ ቤት ገባ»።

ማናጀሩ እኔ ነኝ።
ሰሚትን የማውቀው በታክሲ ጥሪ ነው፣ ከረዳት አፍ፤
ቤቴ ጉለሌ፣ በኪራይ፣ የወር ሒሳቤ ጫፍ በጫፍ።
ወሬ ግን ቤት ሲያድል ካርታ አይጠይቅም፤
ሰጪው አይታይም፣ ተቀባዩም አያውቅም።

እንዲህ ስል የዋህ እንዳልመስላችሁ፤
መሳቢያዬ ውስጥ ደብዳቤ ነበረ፣ ልንገራችሁ፤
ከአከራዩ የመጣ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ፣
«ውሉን ለማደስ እንቸገራለን» የሚል፣ ቃሉ የፈዘዘ።
አሥራ አንድ ቀን ቆለፍኩበት፤
«ሳይጣራ አላስደነግጥም» አልኩ፣ ልቤም ተስማማበት።

እና ደነገጡ።
ባዶ ቦታ ሲያገኙ የየራሳቸውን አመጡ።
ዝምታዬ ቁልፉ በሩ ላይ የተረሳ ቤት፤
ወሬ ያለ ኪራይ ገብቶ እግሩን የዘረጋበት።

ያን ሰሞን ጆሮዬ ረዘመ። በደረጃው ስወርድ
ሳቅ ይቋረጣል፤ ሰው ዞሮ ማሽን ዘይት ይቀባል በግድ።
ተጠርጣሪም አገኘሁ፦ ጓንጉል፣ የጥራዝ ክፍሉ ሰው፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጣቱን መርፌና ክር የሸረሸረው።
ለምን እሱ? ስለማይስቅልኝ።
ሌላ ማስረጃ አልነበረኝ።
ወደ ማታ ፈረቃ ቀየርኩት፣ ሁለት መስመር ጽፌ፤
«ምክንያት» በሚለው ፊት ነጥብ ብቻ አሳርፌ።
እሱም ምንም አላለ፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፤
ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ እንኳ ከየአፉ አነሰ።

በሳምንቱ ሐሙስ የፎቶ ኮፒዋ ልጅ፣ ብርቄ፣ ወረቀት ይዛ ገባች፤
«ጋሼ፣ ይሄን ማሽኑ ክዳን ሥር ትተውት ነበር» አለች።
«መቼ?»
«ዛሬ አሥር ቀኑ።» የአከራዩ ደብዳቤ፤
ዋናው፣ ባለ ማኅተሙ።
የቆለፍኩትስ? ግልባጩን፣ ተጨንቄ፣ አስቤ አስቤ።

ዓርብ ጠዋት ማሽኑን አስቆምኩ። ዝምታው ከጩኸቱ ባሰ፤
ሃያ ሦስት ሰው፣ እጁ ቀለም፣ ዓይኑ ፊቴን እያሰሰ።
አነበብኩላቸው፣ ከነፊደል ግድፈቱ፣ ከነቀኑ፤
«የማውቀው ይህችን ነው፤ የቀረውን አላውቅም፣ ብትቆጡም ብትለምኑ።
ዓርብ ዓርብ በዚህ ሰዓት እዚሁ እቆማለሁ፤
የምነግራችሁ ባይኖረኝ፣ የለኝም እላለሁ።»

ከዚያ ወደ ጓንጉል ዞርኩ። ከሌሊት ሥራ ዓይኑ ቀልቷል፤
«በደልኩህ» አልኩት በሰው ፊት፤ ስበድለውም ሰው አይቷል።
አልተቃቀፍንም። «እሺ» ብሎ ኮቱን ከወንበር አነሣ፤
ይቅር ይበለኝ አይበለኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ፣ እሱም አላነሣ።

ሜትር የያዘው ሰውዬ? ለጎረቤት ፋርማሲ ታፔላ ሊሰቅል
መጥቶ ግድግዳ ተሳስቶ ነው። ሌላ ምስጢር የለው፣ ተንኮል።

ወሬው ሞተ ብዬ አልዋሽም፤ ፒያሳ ነው፣ ወሬ ከታክሲ ይፈጥናል፤
ትናንት እንኳ «ማሽኑ ወደ ቡራዩ ነገ ይጫናል»
ተብሏል። ግን አሁን ሽቅብ ይወጣል፣ አሥራ ሁለቱን ደረጃ፤
በሬን መትቶ «እውነት ነው ወይ?» ይላል፣ ሳይሆን የሰው መፍረጃ።

መሳቢያዬ ቁልፍ የለውም። ብስኩት አለ፣ አንድ ጥቅል የጥራዝ ክርም አለበት፤
ክሩን ማን እንዳኖረው እጠረጥራለሁ።
ይህን ግን ዝም አልኩበት።