እልፍኝ አስከልካይዋ

ማራኪ መሽቶበት ጄኔሬተር ያጓራል፤
ሰርቨሩ ደጅ ቆሞ መጪውን ያጣራል።
ሰው ግን አያውቅም።
ስም ከነምስጢሩ ከእንግዳ ተቀብሎ፣
«ይግባ ወይስ ይመለስ?» ይልካል ቶሎ ብሎ
ከግቢው ውጭ ላለች ለአንዲት ፕሮግራም፤
አርባ መስመር ብትሆን፣ ጌጥ የላት፣ ቀለም።

እኔ ነኝ የጻፍኳት። ሰርቨሩንም መከርኩ፦
«ምስጢር እንዳትለፍፍ በትዕዛዙ መስመር፣
አብሮ አደር ያየዋል ሂደት ሲዘረዝር፤
በቱቦ ሹክ በላት።»
እሷ ቃል አትወድም፣ መልሷ ቁጥር ብቻ፤
ዜሮ ካለች በር ነው፣ ሌላው ሁሉ ግንብ ነው፣ የሌለው መፍቻ።

ጋሽ አይናዲስ መጡ ከሆስፒታል ካርድ ክፍል፣
የበሽተኛውን ዘር ከአዘዞ እስከ ቀሃ የሚያውቁ በቃል።
ጻፉ፤ አንድ አለች።
በአንድ ጣት፣ ቀስ ብለው፣ ደግመው ጻፉ፤
አንድ አለች።
«እኔኮ ነኝ!» አሉ ለማያይ መስታወት።
እኔማ አውቃቸዋለሁ፦
ካርዴን የጻፉት ናቸው የተወለድኩ ዕለት።

ስፈልግ አገኘሁት፤ ጥፋቱ የራሴ።
ከምስጢራቸው ጫፍ፣ በቱቦው ሲወርድ፣
የማትታይ አዲስ መስመር ተንጠልጥላ ኖሯል፣
በር እንደያዘው የጋቢ ዘርፍ።
ቆረጥኳት።
ዜሮ።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ አይናዲስ ግን አልገቡም፣
መነጽር አውልቀው ቁጥሯን አፈጠጡባት፦
«ዜሮ አገኘሁ ማለት ነው?
በኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ዜሮ ያመጣ ልጅ ከበር ነው ሚባረር፤
ምነው ያኔ ካንቺ በተማርኩ ነበር!»